የሦስት ቀን ክፍተት

ሰዒዳ ቁሌቱን ስታማስል የጋለው ዘይት ክንዷ ላይ ተፈናጠረ። ክንዷን በቀሚሷ ጠርጋ ማማሰሏን ቀጠለች። የደሴው ሚኒባስ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል። ነገ ጠዋት ደግሞ ሐኪሙ እንቅርቷን ሊያወጣ አንገቷ ላይ ቢላ ያሳርፋል። አንገት ላይ ያረፈ ቢላ እሷ የምታውቀው በአረፋ፣ በበጉ ላይ ነው።

«ይሄ ሁሉ ምንድነው? ልጅሽን ልትድሪ ነው እንዴ?» አለች ጎረቤቷ ዙቤይዳ፣ ሽታው ጎትቷት በሩ ላይ ቆማ።

«የማሽላ አጨዳ ነው እኮ። በድሩ ከጨፋ እርሻው ሲመሽ ነው የሚገባው። ኢማንም ፈተና ደርሶባታል። አባቷን እንደሁ ታውቂዋለሽ፣ ሻይ ሲያፈላ ውሃው ያርርበታል።»

«እኔ የለሁም? ሞቻለሁ?»

«የሞት ወሬ አታውሪብኝ!»

ዙቤይዳ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። «አብሽሪ እቴ፣ አውፍ በይኝ። ብቻ ዛሬም እንዳትቀሪ። ሁለት ቀጠሮ አሳልፈሻል። ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?»

«ብቻዬን። ሕፃን ነኝ?»

ዙቤይዳ ራሷን እየነቀነቀች ሄደች።

ሰዒዳ ፊደል አትለይም፤ የምትጽፈው በመደርደሪያው ነው። ከግራ ጀምራ ለአንድ ቀን አንድ ዕቃ ትደረድራለች። መጀመሪያ አራት ዕቃ ቁሌት። ዘይት የጠገበ፣ ውሃ ያልነካው ስለሆነ የከሚሴ ሙቀት ቶሎ አይጥለውም። ኢማን ሽሮ ወይ ምስር ጨምራ ታንተከትከዋለች። ሐኪሙም ትቆያለሽ ያላት አራት ቀን ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሦስት ዕቃ የሚይዝ ቦታ ባዶውን ተወች። ከባዶው ወዲያ የማይበላሸውን ሰደረች፦ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በሶ፣ ምጥን ሽሮ።

ባሏ በድሩ ሊሸኛት ከእርሻው መጣ። ማጭዱን ከበሩ ኋላ አኑሮ መደርደሪያውን አየና በጣቱ ቆጠረ።

«አራት ቀን ነው ያልሽኝ። እነዚህኞቹስ?»

«ለማንኛውም ነው።»

«እሺ። መሃል ያለውስ? ሦስት ቀን ልንጾም ነው?»

ሰዒዳ የመጨረሻውን ዕቃ ልትከድን ታገለች። ክዳኑ እምቢ አላት።

«እነዚያን ቀኖች ጎረቤት ያመጣል» አለች፣ ሳታየው።

«ጎረቤት ምን ብሎ ነው…» በድሩ አልጨረሰውም። ሐዘን የገባበት ቤት ሦስት ቀን ድስት አይጥድም። ምግቡን የሚያመላልሰው ጎረቤት ነው። የጤፍ ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠ። ሲጨንቀው በኦሮምኛ፣ የኢማን እናት ብሎ ነው የሚጠራት።

«ሀዳ ኢማን… ሞትሽንም እንደ ስንቅ አሰናዳሽው?»

«አንተ ምን ታውቃለህ! ሰው የሞተ ሰሞን እህል ይቸግራል? ሦስት ቀን ቤቱ ይሞላል። በአራተኛው ቀን ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። እናቴ የሞተች ጊዜ በአራተኛው ቀን ጦሜን ነው ያደርኩት። ማንም ትዝ አላለኝም። ልጄ እንደዚያ አትሆንም፣ ወላሂ አትሆንም!»

«ይሄን ያህል ፈርተሽ ለኔ አትነግሪኝም?»

«ማን ፈራ?»

ክዳኑን እንደገና ብትጫነውም አልገጥም አላት። በድሩ ተነስቶ ከእጇ ወሰደው፤ ገጠመው።

«አብሬሽ ልሂድ ብልሽ፣ ወፍ አዝመራውን ይጨርሰዋል ብለሽ ተቆጣሽኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ውጭ ወደ መናኸሪያው የሚወስዳት ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋ። ሰዒዳ ዘንቢሏን አንጠልጥላ እስከ ደፉ ሄደች፤ እዚያ እግሯ አልንቀሳቀስ አላት። ባለፈው ገበያ ነው ብላ ቀረች፣ ከዚያ በፊት ዝናብ ነው ብላ። ዛሬ ሰበብ የላትም። ምግቡ ተሠርቶ አልቋል።

ባጃጁ ደገመ።

«በድሩ።»

«አቤት።»

«ወፉ ይብላው። ጫማህን ቀይር።»