የእኔ ዳክዬ

የእህቴ ባል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእንስሳት አካል ነው የሚያስተምረው። የሌሊት ወፍ ክንፍ፣ የፍልፈል መዳፍና የፈረስ እግር ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ «ሁሉም ከአንድ ዓይነት እጅ የመጡ ናቸው፤ ሥራው ሲለያይ ቅርጹም ተለያየ» ሲል ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እህቴ በወሊድ ስትሞት ግን እንባ ጠብ አላለውም። የሕፃኗን ቀኝ እጅ እያገላበጠ ያይ ነበር።

የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ ተጣብቀው ነው የተወለደችው። ሐኪሙ «ዓመት ሳይሞላት እንለያያቸው፤ አጭሩ ረጅሙን እየጎተተ ያጎብጠዋል» አለን። የእኛ ምሁር፣ «ቆይ፣ እጁ ራሱ ምን ሥራ እንደሚያገኝ እንየው» አለ። አሳዳጊዋ እኔ፣ ለቀዶ ሕክምናው ፈራሚው እሱ። በየዓመቱ ስጨቀጭቀው መልሱ «ለከርሞ» ነው።

ማንኪያ ስትይዝ ይቀርጻታል፣ ቁልፍ ስትቆልፍ ይቀርጻታል። የተጣበቁትን ጣቶቿን እያየ «የእኔ ዳክዬ» ይላታል። እሷም ምስኪን፣ ፍቅር መስሏት ካሜራ ባየች ቁጥር እጇን ትዘረጋለታለች።

ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቹ ሳቁባትና እጇን ኪሷ ውስጥ መደበቅ ጀመረች። ልብስ ሰፊ ነኝና አባቷ፣ «የዩኒፎርሟን ኪስ ሰፍተሽ ድፈኚልኝ፤ ያልሠራ አካል ይመነምናል» አለኝ። ሞቼ ነው ቆሜ አልኩት። ራሱ ሰፋው፤ ቀዶ እንደጨረሰው እንቁራሪት ሆድ፣ በወፍራም ክር።

ሰባት ዓመቷ ላይ ተጣልቼው፣ ተሳድቤ፣ እየጎተትኩ ሁለቱንም ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ራጁን አየና አንገቱን ነቀነቀ።

«መለየት አሁንም ይቻላል። የቀለበት ጣቷ ግን ጎብጦ ነው ያደገው፤ ሙሉ በሙሉ አይቃናም። በቆየ ቁጥር ይብስባታል። ዛሬ ቢፈርሙልኝ በዚህ ሳምንት እሠራላታለሁ።»

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። እሱ እስክሪብቶውን አወጣ፤ እፎይ አልኩ። ራጁን ተቀበለና የጎበጠችውን አጥንት የሚያመለክት ቀስት አሰመረበት።

«ይሄን ልወስደው እችላለሁ?» አለ።

ሳይፈርም ወጣ። ደረጃውን ስንወርድ ልጅቷ ጃኬቱን ያዝ አደረገችው።

«አባዬ፣ ጥናትህ ሲያልቅ እጄን ትሰጠኛለህ?»

ቆመ። የተማሪ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሁሉ በቁም ነገር አሰበበት።

«ገና ነው» አላት፤ «እድገትሽ አላለቀም።»