ኮምፒውተርና ጧፍ በአንድ ሳጥን

ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። ጸሐፊው ድረስ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ፤ ከኋላው የሚመጣውን ያውቀዋል።

«አጠፋኸው!» አለ አስማማው፣ የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት።

«አልነካሁትም፣ ጋሼ።»

«ፊት አንዱን ሜሞሪ ከውስጡ ፈልቅቀህ ሸጥክ። አሁን ደግሞ ሥራዬን ልትገድል ነው። ይህ የሠርግ መጥሪያ ዛሬ ካልወጣ፣ ሌባ ብዬ በደብረ ማርቆስ ሁሉ ነው የማስጠራህ!»

ሜሞሪው መጥፋቱ እውነት ነው፤ ማን እንደወሰደው ግን ያየ የለም። አስማማው ሌላ ሰው አልጠረጠረም። አናጢ አስጠርቶ ከባሕር ዛፍ ጣውላ ሳጥን አሠራ፤ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ውጭ ትቶ ኮምፒውተሩን ከተተበት፣ ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረ። ለቤተ ክርስቲያን ተሳላሚ የሚሸጠውን ጧፍም እዚያው ጨመረው። ማሽኑ ድርግም እያለ መጥፋት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ድረስ በሳጥኑ የጣት ቀዳዳ በኩል መልሶ አስነሣውና ሙቀት የሚያሳየውን ገጽ ከፈተ።

«ይኸው፤ ፕሮሰሰሩ ዘጠና አንድ ዲግሪ ደርሷል። ከሰባ ባያልፍ ነው ደጉ። አየር አጥቶ የራሱን ትኩስ ትንፋሽ መልሶ ይስባል። እንዳይቃጠል ብሎ ነው ራሱን የሚያጠፋው።»

«ዘጠና? በማርቆስ ብርድ? እኔ ጋቢ ደርቤ እየተንቀጠቀጥሁ! ሻይ ልጣድበታ!»

«ቁጥሩን ይዩት።»

«ቁጥሩንም የጻፍኸው አንተ ነህ።»

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ምሥራቅ መቀሷን እንደያዘች በበሩ ብቅ አለች። «ከፍተህ እየው እንጂ፣ አስማማው። ሳጥን ለመክፈት ዳኛ ልጥራልህ?»

«ሌባ በር ክፈቱልኝ ሲል ልከፍት?»

ይህን ሲል ነጠላቸውን ያጣፉ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ገቡ። «ጧፍ ስጠኝ፣ ልጄ፤ ቅዳሴው ሊያመልጠኝ ነው።»

አስማማው አንገቱን ወደ ቁልፉ ጎንበስ አድርጎ ሳጥኑን ከፈተ። ወበቁ ፊቱን መታው። ጧፎቹ ተልፈስፍሰው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ሰሙ ጣውላው ላይ ፈሷል።

«እኔ የፈለግሁት ጧፍ ነው፤ ይህማ ገንፎ ነው» ብለው ወይዘሮዋ ወጡ።

«ጋሼ» አለ ድረስ፣ «ስለ ሜሞሪው ይህ ሰም ምስክር አይሆነኝም። ሆን ብለህ ታጠፋዋለህ ያሉኝን ግን በእትዬ ምሥራቅ ፊት ያንሡልኝ።»

አስማማው ሰሙን በጥፍሩ ፋቀ። «ጧፉን ሌላ ቦታ አደርገዋለሁ» አለና ሳጥኑን መልሶ ቆለፈው።

ድረስ ኮቱን አነሣ። «እንግዲያው መጥሪያውን ከሳጥንዎ ጋር ይጨርሱት።»

ምሥራቅን ተከትሎ ሄዶ በስፌት ቤቷ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። በጭቃው ግድግዳ በኩል አስማማው በአንድ ጣቱ ሲቀጠቅጥ ይሰማል። ቆየት ብሎ የማሽኑ ማራገቢያ ማጓራት ጀመረ፤ እየባሰበት ሄደ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

ምሥራቅ የስፌት መኪናዋን አቆመች። «አስማማው! አሁንስ ማን አጠፋው?»

የሳጥኑ ቁልፍ ሲንቋቋ ተሰማ።

«ድረስ!» አለ አስማማው ከግድግዳው ማዶ።

«ማንን ነው የምትጠራው?» አለች ምሥራቅ። «ሌባውን ነው ወይስ ድረስን?»

ድረስ ከአግዳሚው አልተነሣም።