የጃታኒ ኮሌታ

"ይሄ ልጅ ከገባ የእኔ አይገባም! ጨርሻለሁ!"

ሰገነት የመዋለ ሕፃናቱን የብረት በር በጀርባዋ ደግፋ ቆማለች። በአንድ እጇ የልጇን የባስልዮስን ቦርሳ ማንገቻ ጨምድዳ ይዛለች፤ ሌላውን እጇን ዘርግታ ለሰው መግቢያ አሳጥታለች። ፊት ለፊቷ ወተት ሻጯ ዲንኪቱ ቢጫ ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣ፣ ልጇን ጃታኒን ወደ ጉያዋ አስጠግታ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ያልገባት ሰው ሆና ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ከኋላ እናቶች ከነልጆቻቸው ተኮልኩለዋል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጸቡን ለማየት ብሎ ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ። የነገሌ ሰው ጠዋት ጠዋት ሥራ የለውም እንዴ ያሰኛል።

"የኔ ልጅ ምን አረገ?" አለች ዲንኪቱ።

"ምን አረገ? ደግሞ ትጠይቂያለሽ! ኩፍኝ ይዞት እያወቅሽ ሰው ልጅ መሃል ትከችዋለሽ?"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እናቶቹ ሁሉ ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሳቡ። ጃታኒንም እንደ ክፉ አጋጣሚ በዚያችው ቅጽበት አሳለው። ዓይኑ ቀልቶ እንባ አቅርሯል። ሰገነት ምን እንደነካት እንጃ፣ ጎንበስ ብላ የልጁን የሸሚዝ ኮሌታ ያዘችና ቁልፉ ተበጥሶ እስኪወድቅ ድረስ ወደ ታች ጎተተችው። አንገቱን አየች፣ ደረቱን አየች። ከአቧራና ከአንዲት ጨሌ በቀር ምንም የለም።

"ገና ነው፤ ይወጣል" አለች ቀና ብላ ለእናቶቹ። "መጀመሪያ ሳል ነው፤ ከዚያ ዓይን ይቀላል። እኔ አውቀዋለሁ።"

ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ዲንኪቱ የሰገነትን እጅ በጥፊ መታ አደረገችው።

"እጅህን አንሳ! ልጄን አትንካ!"

የዲንኪቱ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ በደህናው ቀን እንኳ ወንድና ሴት ያምታታል፣ ስትቆጣ ደግሞ ሁሉም ሰው ወንድ ይሆንባታል። ማንም ግን አልሳቀም።

ሰገነት "አውቀዋለሁ" ያለችው እውነቷን ነው። ባሏ ሃምሳ አለቃ ወልደየሱስ ወታደር ነው፤ እሷም ከካምፕ ካምፕ ስትከተለው ኖራለች። የመጀመሪያ ልጃቸውን ኪዳነምሕረትን የወለደችው ሌላ ምድብ ላይ ነበር። ሕፃኗን ሳል ጀመራት። ጎረቤት "ጉንፋን ነው" አለ፤ ሰገነትም ጉንፋን ነው ብላ ዝም አለች። ኩፍኝ ነበር። ክትባቱ የሚሰጥበት ወር እንኳ አልደረሰላትም። ቀብረዋት ወዲያው ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ መቃብሯን ዳግም አላየችውም። ባስልዮስ ክትባቱን በሙሉ ወስዷል፤ ይሁንና ልጅ ሲስል በሰማች ቁጥር የእሱን ግንባር ትዳስሳለች። ይሄን የማይረዳ ሰው ድንጋይ ነው፤ እኔም አልፈርድባትም። የምፈርድባት በሌላው ነው።

ሌላው እንግዲህ ይሄ ነው። ከጸቡ በፊት በነበረው ቀን ልጇን ልትወስድ ስትመጣ፣ ዲንኪቱ አጥሩ ሥር ተቀምጣ በስልክ በኦሮምኛ ትነጋገር ነበር። ሰገነት ነገሌ ከመጣች ወዲህ ጥቂት ቃላት ይዛለች፤ ለሰላምታ የሚሆኑትን "አካም"ን፣ "ናጋ"ን፣ ወተት "አነን" መባሉን፣ "ቀቤ" ማለት ደግሞ "ያዘ" ማለት እንደሆነ። እሷን ስትሰማት ኦሮምኛ የጨረሰች ነው የምትመስለው። እናም ዲንኪቱ "ጃታኒ" አለች፤ "ኩፍኝ" አለች፤ "ቀቤ" አለች። ሰገነት ሌላ ምን ትፈልግ? ማታውን በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ "በጆሮዬ ነው የሰማሁት! በገዛ ጆሮዬ!" ብላ በድምፅ ለቀቀችው። ዲንኪቱ ያላት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ግሩፑ ውስጥ የለችም።

ዳይሬክተሩ ጋሽ በፍቃዱ ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ። ዘንድሮ ከዲላ የመጣ፣ ጸብ የማይወድ፣ ኦሮምኛ የማይሰማ ሰው ነው።

"እስቲ ቀስ በሉ" አለና ወደ ዲንኪቱ ዞረ። "እናት፣ ልጅሽን ኩፍኝ ይዞታል?"

ዲንኪቱ ጆሮዋን ሰጥታ ሰማችው። ፊቷ ፈታ አለ፤ በመጨረሻ የምታውቀውን ነገር የሚጠይቃት ሰው አገኘች።

"አዎ፣ ይዞታል። ትንሽ ነው። ማታ ማታ ብቻ። ማር ሰጥቼዋለሁ፣ ይለቀዋል።"

"ወይኔ ልጄን!" አለች አንዷ ከኋላ።

"ይኸው! በገዛ አፏ!" አለች ሰገነት።

ጋሽ በፍቃዱ አንገቱን ነቀነቀ። ጃታኒ ጤና ጣቢያ ታይቶ ደህና ነው ካልተባለ እንደማይገባ ተናገረ። የዲንኪቱ ፊት ተመልሶ ጠቆረ። በሳል ምክንያት ልጅ የሚባረርበት ትምህርት ቤት እንዴት ያለ ነው ብላ መሆን አለበት። ሌላ ቀን እናቶቹ ከበሩ ላይ በየጠርሙሳቸው ወተት ያስቀዱ ነበር፤ ያን ቀን ጠርሙስ የዘረጋ የለም። ጀሪካኗን አንጠልጥላ፣ ልጇን በክንዱ ይዛ ሄደች። ባስልዮስ "ቻው ጃታኒ!" ብሎ እጁን ሊያውለበልብ ሲል እናቱ እጁን ወደ ታች መለሰችበት።

ሰገነት ልጇን አላስገባችም። "መጀመሪያ ያ ልጅ የተቀመጠበት ወንበር ይታጠብ" ብላ ይዛው ተመለሰች፤ ሌሎችም ተከተሏት።

በመንገዷ ራሕማ ሱቅ ገባች። ራሕማ የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ናት፤ እዚሁ ነገሌ ተወልዳ ያደገች፣ በአንዱ አፏ አማርኛ በሌላው ኦሮምኛ የምትሸጥ። ሰገነት ድሏን አንድ ባንድ ተረከችላት። ራሕማ ስኳር እየመዘነች ስታዳምጥ ቆየችና እጇ ቆመ።

"ቆይ ቆይ፣ የባሲ እናት። ምን ስትል ነው የሰማሻት? እንደሰማሽው በይልኝ።"

"ጃታኒ ኩፍኝ ቀቤ።"

"'ቁፋን ቀቤ' ነው ያለችው?"

"እሱኑ! ኩፍኝ ያዘው።"

ራሕማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ የሰገነትን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን ጉድ ነው ያፈላሽው? ቁፋ እኮ ሳል ነው! ሳል! ኩፍኝን እነሱ ጊፊራ ነው የሚሉት።"

"ዳይሬክተሩ ሲጠይቃት አዎ ብላለች እኮ!"

"ቁፋ ያለ መስሏት ነዋ! ከዲላ የመጣ ሰው በኦሮምኛ ጠየቀኝ ብላ ደስ ብሏት ይሆናል፣ ምስኪን።"

ሰገነት ባንኮኒውን ያዘች። እዚህ ላይ "አፈር በበላሁ" ብትል ታሪኩ ባጠረ ነበር። አላለችም።

"ኪዳኔንም በሳል ነው የጀመራት" አለች።

"አላህ ይማራት። ይሄ ግን ሌላ ልጅ ነው።"

"ኩፍኝ ቢሆንስ?"

"ቢሆን ጤና ጣቢያ ይነግራታል። አንቺን ማን ሐኪም አደረገሽ?" ራሕማ ስኳሩን በላስቲክ ቋጥራ ወረወረችላት። "እኔም ዛሬ ከሷ ወተት ገዝቻለሁ። እኔም ላይ አስወርተሽ ሱቄን አዘጊ በይ!"

ሰገነት ቤቷ ገብታ ስልኳን አነሳች። ጻፈች፣ አጠፋች፣ ጻፈች። በመጨረሻ የላከችው "ኩፍኝ ላይሆን ይችላል ተባለ" የሚል ነው። ላይሆን ይችላል! ተባለ! በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ ብላ ስትምል ያመሸችው ሴት ናት እንግዲህ። መልሱ ወዲያው ጎረፈ። "ማን አለ?" አለች አንዷ። "አስፈራርተዋት ነው" አለች ሌላዋ። ሦስተኛዋ "ነገ ማንም ልጁን እንዳይልክ" ብላ ደመደመችው። ሰገነት ስልኳን አልጋው ላይ ጣለችው።

ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። ዲንኪቱ ናት፤ ጃታኒ ቀሚሷን ይዟል፣ ጀሪካኑም ብዙ አልጎደለም።

"ጤና ጣቢያ ሄድኩ" አለች ሳትቀመጥ። "ሳል ነው አለኝ። ኩፍኝ ማለት ምን እንደሆነ ዛሬ እዚያ ነገሩኝ። ጊፊራ! አንተ የኔን ልጅ ጊፊራ አልከው!"

"በስህተት ነው፤ ቃሉ ተመሳስሎብኝ…"

"ሰው ሁሉ ሸሸኝ። 'የኩፍኝ ወተት' አሉኝ። ይኸው፣ ረጋ!" ጀሪካኑን ናጠችው።

"ልክፈልሽ። ሙሉውን ልክፈልሽ።"

"ገንዘብ ማን ጠየቀ? በአፍህ ነው ያበላሸኸው፣ በአፍህ አስተካክል!"

ሰገነት ልቧ አጥፍተሻል እያላት፣ አፏ ግን እንደልማዱ ቀደማት።

"ቢሆንስ? ያሳለው ልጅ ቤት አይቀርም? ሳልም ይተላለፋል እኮ! ለሰው ልጅ አታዝኚም?"

"ቤት ማን አለ?" ዲንኪቱ አንድ እርምጃ ቀረበቻት። "ወተት ይዤ ስዞር ማን ይጠብቀው? ጅብ? ያንተ ባል ደሞዝ ያመጣል፣ አንተ ትቀመጣለህ። እኔ ብቻዬን ነኝ።"

ጃታኒ አንገቱን አስግጎ ከበሩ ጀርባ የቆመውን ባስልዮስን ያየዋል። የሸሚዙ ኮሌታ ቁልፍ በሌለበት በክር ታስሯል።

"ነገ እመጣለሁ" አለች ዲንኪቱ። መሬቱ ላይ እንትፍ ብላ ሄደች።

ማምሻውን እራት ሲበሉ ባስልዮስ "እማ፣ ጃታኒ ነገ ይመጣል?" ብሎ ጠየቀ።

"አንተ ምን አገባህ?"

"አብረን ነው የምንቀመጠው። ላጲሴም እሱ ጋ ነው።"

ሰገነት ግንባሩን ዳሰሰች። ምንም ትኩሳት የለውም። ጥቂት ቆይታ እንደገና ዳሰሰችው። ልጁ ሰልችቶት ጭንቅላቱን አሸሸ።

በማግስቱ ጠዋት ከበሩ ላይ እናቶቹ ቆመዋል፤ ልጆቻቸውን ይዘው ይቆማሉ እንጂ አያስገቡም። መምህርቷ ብርቱካን ተጨንቃ ወጣች። ጃታኒ ደህና መሆኑ ተረጋግጦ መግባቱን ነገረቻቸው፤ ለጥንቃቄ ግን መስኮቱ ሥር ለብቻው አስቀምጣዋለች።

"ለብቻው ከሆነማ አንድ ነገር አለ ማለት ነው!" አለች አንዷ።

"የለም!" አለች ሰገነት። ሁሉም ዞሩባት። "ተሳስቻለሁ። ቁፋ ማለት ሳል ነው። ኩፍኝ የሚባል ነገር የለም።"

"ትናንት እንዲህ አላልሽም!"

"ተሳስቻለሁ አልኩ እኮ! በምን ቋንቋ ልንገራችሁ?" ይቅርታዋ እንኳ ጸብ ነው።

"ቋንቋማ አየነው" አለች ትናንት ወይኔ ልጄን ያለችው ሴት። "እውነትሽን ከሆነ የአንቺን ልጅ ከጎኑ አስቀምጪዋ። ያኔ እኛም እናስገባለን።"

ከውስጥ ጃታኒ ሲስል ይሰማል፤ ደረቅ፣ የማያባራ ሳል። ሰገነት ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። በዚህች ምድር ላይ የቀራት ልጅ ይሄ አንድ ነው። ቦርሳውን አንግታው ወደ ቤት ብትመለስ ማን ይጠይቃታል? ማንም። ነገ ሌላ ወሬ ይመጣል፣ ይሄኛው ይረሳል። የሚረሳው ግን ለእሷና ለእነዚህ ሴቶች ነው፤ ለዲንኪቱ ጀሪካን አይረሳም። የባስልዮስን እጅ ይዛ ገባች። እናቶቹ እስከ ክፍሉ ደጃፍ ተከተሏት።

ዲንኪቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ክንዷን ዘርግታ ዘጋችው፤ ልክ ሰገነት ትናንት እንደዘጋችው።

"ቆይ" አለች። "ያንተስ ልጅ?"

"የእኔ ልጅ ምን ሆነ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ይታያል። የኔም ታይቷል።"

"ኧረ ምን ደፋር ናት!" አለ ድምፅ ከኋላ።

ዲንኪቱ ወተትና የዕቃ ማጠኛ ጭስ የሚሸት እጇን የባስልዮስ ግንባር ላይ አሳረፈች። አልቸኮለችም። የታችኛውን የዓይን ቆቡን በአውራ ጣቷ ጎትታ አየች፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። "አፍህን ክፈት" አለችው፤ ከፈተ። የሰገነት እጅ በራሱ ተነሳ፤ ያንን እጅ ከልጇ ፊት ላይ በጥፊ ልታነሳው ፈለገች። ጃታኒ መስኮቱ ሥር ከብቸኛ ወንበሩ ላይ ሆኖ በአንድ እጁ ላጲሱን ይዞ፣ በሌላው የኮሌታውን ክር እያፍተለተለ ያያል።

የዲንኪቱ እጅ ወደ ባስልዮስ ኮሌታ ወረደና ቆመ። ቀና ብላ ሰገነትን አየቻት።

ሰገነት የተነሳ እጇን አወረደች። ከልጇ ፊት ተንበረከከች። የመጀመሪያውን ቁልፍ ራሷ ፈታች፣ ሁለተኛውንም ፈታች፤ ኮሌታውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ትከሻው ገለጠችላት።

"እይው" አለቻት። "ደህና አድርገሽ እይው።"