የደጀን ዘንዶ

ደጀን ሰባት ቤት ቁጠር ቢባል ከአባቱ አያልፍም። ያደገው ደሴ፣ ሚሲዮኖች ማሳደጊያ ውስጥ ነው፤ የአባቱንም ስም ያወጡለት እነሱ ናቸው።

ፈረንጅ አገር መጥቶ ሂሩትን ለማግባት ግን መቁጠሩ ግድ ሆነ። አባቷ ጋሼ ጀማነህ ሀብታሞቹ ሰፈር ዎርዝንግተን ቤት የገዙ፣ የራሳቸው የጭነት ትራክ ያላቸው ሰው ናቸው። "ሽማግሌ ይላክ፤ ዘሩን ልስማ። ዘመዳችን ቢሆንስ?" አሉ።

ኮቪድ ይዞት ከሚሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ከዌርሃውሱ፣ ኦፍ በሆነበት ሰሞን ደጀን ስልኩ ላይ የሮም ጳጳሳትን ቤተሰቦች ዓርማ ሲያይ ከርሟል። አንዱ ቤት ንብ፣ አንዱ ርግብ። የፈረንጁን ዘመን አቆጣጠር ያስተካከለው ጳጳስ ቤትማ ዘንዶ ነበረው። ጠላቶቹ "የሰይጣን ምልክት ነው" ብለው ሲያሙት ወዳጆቹ "ነቅቶ የሚጠብቅ ነው" ብለው ተረጎሙለት። ደጀን ይህን ወደደው። እሱም የሌሊት ሺፍት ነው የሚሠራው።

ሞርስ ሮድ ላይ ባለ ማተሚያ ቤት የዘንዶ ዓርማ አሳትሞ፣ ፍሬም አስገብቶ ለሽማግሌዎቹ መሪ ለጋሼ ጎሳዬ ሰጣቸው።

"ዘር ሲጠይቁ ይህን ያሳዩልኝ። ነቅቶ የሚጠብቅ ነው ይበሉ።"

"እኔም እንቅልፍ የለኝም፤ ማን ሣለኝ?" አሉ ጋሼ ጎሳዬ። ግን ያዙለት።

ሽማግሌ ሲላክ ልጁ አብሮ አይገባምና ደጀን መኪናው ውስጥ ጠበቀ። ጋሼ ጎሳዬ ቀድመው ወጡ፤ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ።

"ሳሎናቸውን አይተህ አታውቅም?"

"ገብቼ አላውቅም።"

"ቅዱስ ጊዮርጊስ ግድግዳውን ሞልቶታል። ጋሼ ጀማነህ ፈረሱ የረገጠውን ዘንዶና ያንተን አስተያዩና 'ዘመዱስ እዚሁ ተገኘ' አሉ።"

"ትርጉሙን አልነገሯቸውም?"

"ነገርኳቸው። ጳጳስም ነበረው አልኩ። 'እሱም ጳጳስ ቢሆን እተረጉምለት ነበር' አሉኝ። ከዚያ ቁጠሩ ተባልን። አንተን ጠራን፣ አባትህን ጠራን፣ ከዚያ ሁላችንም ምንጣፉን አየን።"

ደጀን ወዲያው ሂሩት ጋ ደወለ። ፎቅ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

"ሰባት ስም ፈጥረህ ብትልክ አባዬ ኦኬ ይል ነበር። ማን ቼክ ያደርጋል?"

"ውሸት ይሆናል ብዬ ነው።"

"ዘንዶውስ?"

ደጀን የመኪናውን መስኮት ዘጋ።

"አሁን ስሞቹን ባመጣስ?"

"አሁንማ እንደሌለህ አወቀ። በቃ፣ አትደውልልኝ ደጀን።"

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየገቡ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስለ ምሳው ነበር የሚያወሩት፤ ጥሩ ነበር አሉ። ደጀን ሞተሩን አስነሳ። በየቤታቸው ማድረስ ነበረበት።