የቀኙ እጅጌ

ጋሽ ሜትሮን የፈጠርነው እኔና ታላቅ እህቴ ነን። ጋሽ ሜትሮ ልብስ ሰፊ ነው፤ የልክ መውሰጃ ሜትሩን ከአንገቱ አያወርድም፤ ሰርግ ሲጠራ እንኳ በከረባት ፈንታ እሱን አንጠልጥሎ ይሄዳል። በአንድ ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ላይ አንድ ሳምንት እኔ፣ አንድ ሳምንት እሷ እየተፈራረቅን አሥራ አንድ ዓመት ጻፍነው። ሕጋችን አንድ ነበር፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያፈርስም። አባታችን ልብስ ሰፊ መሆናቸውን ለአንባቢ አልነገርንም፤ ሰፈሩ ግን አንድም ቀን አልተሸወደም።

ዘንድሮ አንድ አሳታሚ ታሪኮቹን ሰብስቦ በመጽሐፍ ሊያወጣቸው ተነሣ። እኔም የመጀመሪያውን፣ በሃያ ዓመቴ የጻፍኩትን፣ ከስንት ዘመን በኋላ አነበብኩት። ወዝ የለውም፤ እሱስ ይሁን። ያሳፈረኝ ሌላ ነው። በታሪኩ ጋሽ ሜትሮ ለአንድ ጫኝና አውራጅ የሰርግ ኮት ይሰፋል። መነጽሩን ረስቶ ስለቆረጠው የቀኙ እጅጌ ከግራው በሁለት ጣት ያጥራል፤ ሰርገኛው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ኮቱን ከራሴ አልፈጠርኩትም። እንዲህ ያለ ኮት በአባቴ ሱቅ መስቀያ ላይ ተንጠልጥሎ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እኔ ሆዬ፣ ጉድ አገኘሁ ብዬ ቤት እስክደርስ እንኳ አልቻልኩም፤ መንገድ ላይ ቆሜ መጻፍ ጀመርኩ።

አባቴ ስለ ታሪኩ ምንም አላሉም። አላነበቡትም ማለት ነው ብዬ ራሴን ሳታልል ኖርኩ።

ለእህቴ ደወልኩላት። "እትዬ፣ የመጀመሪያውን ታሪክ እንሰርዘው።"

"ለምን?"

"አባዬን አዋርጄበታለሁ።"

"ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ሄደህ እሳቸውን ጠይቅ። ይሄን ሁሉ ዘመን አፍህን ዘግተህ ኖረህ፣ አሁን በመቀስ ልትገላገል ነው?"

እህቴ እንዲህ ናት፤ ምላሷ መርፌ ነው፤ የሚያናድደው ደግሞ ሁሌም እውነቷን መሆኑ ነው። ያኔ ተራዋ ሲደርስ ታሪኬን አላፈረሰችውም። ጋሽ ሜትሮን ግን ልክ ከመውሰዱ በፊት ደንበኛውን ወዲያ ወዲህ እያስራመደ የሚያይ ሰው አደረገችው። ገጽ ለመሙላት ያደረገችው መስሎኝ አልጠየቅኳትም።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሄድኩ። አባቴ ሰማንያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ደንበኛ መቀበል ቢያቆሙም ጠዋት ጠዋት በሩን መክፈት አልተዉም። የልብስ ቁልፍ ሲለዩ አገኘኋቸው፤ ባለ ሁለት ቀዳዳውን ወዲህ፣ ባለ አራቱን ወዲያ።

"አባዬ፣ ያ የእጅጌው ታሪክ... ከመጽሐፉ ላስወጣው ነው።"

"የጫኙ?" አሉና ተነሡ። ከመደርደሪያው ሥር ጥቅል ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ጨርቅ የሚቆርጡባቸው የደንበኞቻቸው ልኮች ናቸው። ከመካከላቸው ሁለት እጅጌዎች መዘዙ፤ ከጋዜጣ የተቆረጡ ናቸው፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። በእርሳስ አንዱ ላይ "ቀኝ"፣ አንዱ ላይ "ግራ" ተብሎ ተጽፏል። ቀኙ ያጥራል። ጠጋ ብዬ ሳየው የራሴ ታሪክ ነው፤ ርዕሱ ብብቱ ጋ ደርሶ ተቆርጧል።

"አንብበውት ነበር?"

"አንብቤ ነው የቆረጥኩት። ሰውየው በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ኮት ይሰፋልኝ ብሎ መጣ፤ እጄ ላይ የነበረው ወረቀት ይሄ ነው።"

"በዚያ እጅጌ ላይ ደግሞ ሁለተኛ?"

"ታዲያስ። ዕድሜ ልኩን በቀኝ ትከሻው ተሸክሞ ትከሻው ወርዷል። እኩል ብሰፋለት ቀኙ እጁን ይውጠዋል። አሳጥሬ ስሰፋለት፣ ሲለብሰው እኩል ነው። አንተ መስቀያ ላይ አይተህ ሄድክ። መስቀያ ሸክም ያውቃል?"

የምገባበት ጠፋኝ። "ለምን አልነገሩኝም?"

"አምስት ጋዜጣ ገዝቼ፣ ልጄ ጻፈ ብዬ አራቱን ለጎረቤት አድዬ፣ ተመልሼ ተሳስተሃል ልበልህ? እህትህ መጥታ ጠየቀችኝ፤ ለእሷ ነገርኳት። አንተ አልጠየቅከኝም።" ቁልፎቹን መለየት ቀጠሉ። "አልከፋኝም አልልህም። አንድ ሁለት ቀን ከፍቶኛል። ሰውየው ኮቱን ለብሶ መስታወት ፊት ሲንጎራደድ ሳየው ተወኝ። ታሪኩን እንዳትነካው። ያኔ የታየህ ያን ያህል ነው።"

ልሰናበት ስነሣ የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከሉልኝ። "አሁንም እኔ የሰፋሁትን ነው የምትለብሰው?"

"የገበያው አይስማማኝም። አንዱ እጅጌ ሁሌ ይረዝምብኛል።"

ቀኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ፈገግ አሉ። "ያንን የደብተር ቦርሳ በሁለቱም ትከሻህ አንግተው ብል መቼ ሰማኸኝ" አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ሸሚዜን አወለቅኩና አልጋ ላይ ዘረጋሁት። የቀኙ እጅጌ በአንድ ጣት ያጥራል። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ሌሎቹንም አወጣሁ። ሁሉም እንደዚያው ናቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። መንገድ ላይ ቆሜ ያንን ታሪክ ስጽፍ የለበስኩትም እሳቸው የሰፉልኝን ሸሚዝ ነበር።