ሊሳንድሮ የሰረዛቸው ስሞች

ዘፋኙ ሊሳንድሮ ወደ ሱቄ የገባው በከተማችን በዓል ቀን ጠዋት ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። የመድረክ ኮቱ ብብቱ ላይ ተተርትሮበት ነበር።

«እትዬ ኤውዶክሲያ፣ ይድረሱልኝ! ከምሳ በኋላ እዘፍናለሁ።»

ኮቱን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። መርፌዬን ግን አላነሳሁም።

የመጀመሪያ ካሴቱን ከማንም ቀድሜ የገዛሁት እኔ ነኝ። ያኔ ዓሣ ገበያው ውስጥ ብቻውን፣ በአንድ አሮጌ አኮርዲዮን ነበር የሚዘፍነው። ድምፁ ይሰነጠቃል፤ የሚለውን ግን ያውቀዋል። አንዲት ጀልባ በማግዳሌና ወንዝ ላይ ተገልብጣ የሞቱብንን ዘጠኝ ሰዎች በየስማቸው የጠራበት ዘፈን እዚያ ካሴት ላይ ነው። አንዱ ባሌ ነው። አንዱ የራሱ የሊሳንድሮ አባት።

ሁለተኛው ካሴት ላይ ጥሩምባ ጨመረ፤ ቻልኩት። ዋና ከተማዋ ቦጎታ ገብቶ ሦስተኛውን ሲሠራ አኮርዲዮኑን ጣለ፤ እሱንም ዋጥ አደረግኩት። ዘንድሮ ያንኑ የጀልባ ዘፈን በኮምፒውተር ከበሮ እንደገና ቀዳው። ስሞቹን አውጥቶ በምትካቸው «ኦ ኦ ኦ» አስገባ።

«ባሌን ኦ ኦ አደረግኸው» አልኩት።

ሳቀ። «በሙታን ስም ማን ይጨፍራል፣ እትዬ? ስሞቹን ያስወጣው አሳታሚው ነው።»

«አንተስ አፍ የለህም?»

«ያን ካሴት ስሠራ እኮ ጦሜን ነበር የምውለው። እናንተ የወደዳችሁት ረሃቤን ነው።»

«ጠግበህስ ምን አመጣህ? የዓሣ ሻጯ ጩኸት እንኳ ካንተ የተሻለ ዜማ አለው።»

«ይሰፋሉ አይሰፉም?»

«አልሰፋም።»

ኮቱን መንጭቆ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ አደባባዩ ጢም ብሎ ነበር። ተጋፍቼ መድረኩ ሥር ደረስኩ። ያን ዘፈን ጀመረ። እሱ «ኦ ኦ» ሲል እኔ የሙታኑን ስም እየጮህኩ ጠራሁ።

«እማማ፣ ዝም በሉና እንጨፍርበት!» አለኝ አንድ ጎረምሳ።

ሊሳንድሮ ጣቱን ቀሰረብኝ። «እኚህ እናት መድረክ አምሯቸዋል!» ሰዉ ሳቀብኝ።

«አኒባል ኬሳዳ!» አልኩ፤ የአባቱን ስም።

ማይኩን ከአፉ አወረደ። ፈዞ ያየኝ ጀመር። ድምፁ ግን ከማጉያው እየወጣ መዝፈኑን ቀጠለ። ሕዝቡ መጀመሪያ ግር አለው፤ ቀጥሎ ፉጨቱ ቀለጠ።

«አፉን ዘግቶ ነው እንዴ የሚዘፍነው!»

የብርቱካን ልጣጭ ይዘንብበት ጀመር። በመድረኩ ጀርባ ወርዶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ከተማችንን አልረገጠም።

እናቱ ተቀይማኝ አሁን ልብሷን ሌላ ሰፊ ጋ ታሰፋለች። ታሰፋ።