የልኬቱን ማን አጠፋው

ሥራዬ መጠርጠር ነው። ሰው ሠራሽ እግርና እጅ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር መረጃ ኃላፊ ነኝ፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልኬት፣ የስንቱ ሰው ጭንና ጉልበት፣ በእኔ እጅ ነው። ዲስክ ይበላሻል ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ቧንቧ ይፈነዳል ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ከሁሉ በላይ ሰውን እጠረጥራለሁ። ስለዚህ የሁሉም ነገር ሦስት ቅጂ አለኝ። አንዱ ሁላችንም የምንሠራበት ነው። ሁለተኛው ዕቃ ክፍል የተቀመጠ ማሽን ሲሆን፣ በየቀኑ ዋናውን እያየ ራሱን ያስተካክላል። ሦስተኛው በየሳምንቱ ሰኞ የምሞላውና ቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ የምቆልፈው ዲስክ ነው። ሠራተኞቹ "ፖሊሷ" ይሉኛል። ይበሉ።

ሰኞ ጠዋት ገብቼ የልኬቱን ማህደር ስከፍት ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ክው አልኩ። ሮጬ ዕቃ ክፍል ገባሁ፤ ሁለተኛው ማሽን ታዛዥ ነውና ዋናውን አይቶ ራሱንም ባዶ አድርጎ ጠበቀኝ። ሦስተኛውን ከቤት አምጥቼ እስከ ምሳ ሰዓት ሁሉንም መለስኩ፤ ካለፈው ማክሰኞ እስከ አርብ ከተለኩት ዘጠኝ ሰዎች በስተቀር። ከእነሱ አንዷ የሁለት ቀን መንገድ ተጉዛ የመጣች ሴት ናት። እንደገና ነይ ልትባል ነው።

ለሥራ አስኪያጇ ብቻ ነገርኳት። ለሌላው ሰው ትንፍሽ አላልኩም፤ አጥፊ ከነቃ ያመልጣል።

ማሽኑ ማን ምን እንደሠራ ይመዘግባል። ሳየው፣ ማህደሩ የተሰረዘው አርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። በማን ስም? በእኔ! ደሜ ፈላ። በዚያ ሰዓት እናቴን ይዤ ዓይን ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ነበርኩ። ስቸኩል ኮምፒውተሬን ሳልዘጋ መውጣቴን አልክድም፤ የይለፍ ቃላችሁን ጠብቁ እያልኩ ሰው የማሰለች እኔ! መንገድ ላይ ትዝ ሲለኝ አጎቴ እንዲዘጋልኝ መልእክት ላክሁለት። እሱ ግን አልዘጋውም፤ ሰኞ ስገባ እንደበራ ነበር። የጥበቃው መዝገብ ደግሞ አርብ መጨረሻ የወጣው አጎቴ ነው ይላል፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። እዚሁ ድርጅት ሃያ ስድስት ዓመት የወረቀት ካርድ ሲደረድር ኖሯል። ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ቀርቶታል፤ እሱ ሲወጣ የካርድ ክፍሉ ይዘጋል ተብሏል፣ በእኔ ኮምፒውተር ምክንያት። እኔን ባየ ቁጥር "ወረቀት መብራት ሲሄድ አብሮ አይሄድም" እያለ ያሾፋል። ታዲያ ከእሱ በላይ ምክንያት ያለው ማን ነው?

ሰኞ ጠዋት ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ፈገግ ብሎ "የአርቡን ጨርሼልሻለሁ" ብሎኝ ነበር። እኔ የካርዱን ሥራ መስሎኝ "ጎሽ" ብዬ አለፍኩ። መዝገቡን ካየሁ በኋላ ያ ፈገግታ ትዝ ሲለኝ ሰውነቴን ቀዘቀዘኝ። በአፍጢሜ ደፍቶኝ ነው ለካ የሚስቅብኝ!

ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ሁሉ አልጥም አለኝ። ሊጣሉ የተለዩ አሮጌ ካርዶችን እየመረጠ ካርቶን ውስጥ ሲከት አየሁት፤ ኮምፒውተሩ ባዶ ሲሆን ሁሉም ወደ እሱ ካርድ እንዲመለስ ነዋ! ስልክ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ቀጭን ክር አሰርኩ፤ ማክሰኞ ተበጥሶ አገኘሁት። የጽዳት ሠራተኛዋ ናት የሚል ሐሳብ መጣልኝ፤ አባረርኩት።

እናቴ ነገሩ ሸተታት።

"ወንድሜ ምን አደረገሽ? ትናንት ቤት ሲመጣ ፊትሽን አዞርሽበት" አለችኝ።

"ምንም።"

"አባትሽ ሲሞት እጅሽን ይዞ ትምህርት ቤት ያስገባሽ እሱ ነው።"

"ትምህርት ቤት ያስገባ ሰው አይጠረጠርም ያለው ማን ነው?" አልኳት። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ደነገጥኩ፤ ግን ቃሌን አላጠፍኩም።

ረቡዕ ሪፖርቴን ሰጠሁ። ሥራ አስኪያጇ አንብባ ብዕሯን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች።

"'ሆን ብሎ' የሚለው ይቆይ? ይሄ ከቆየኮ ከጡረታቸው በፊት በጥፋት ነው የሚሰናበቱት።"

"ይቆይ" አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስታችን ቢሮዋ ተቀመጥን። አጎቴ ኮቱን ቆልፎ፣ ጡረታውን በተመለከተ የተጠራ መስሎት፣ ደስ ብሎት ነበር የገባው። ሪፖርቱ ሲነበብለት ፈገግታው ከፊቱ ላይ ተነነ። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ አንድ ጊዜ አየት አደረገውና ቶሎ መልሶ ከተተው።

"ምን ይላሉ?" አለችው ሥራ አስኪያጇ።

"አጥፍቻለሁ" አለ።

ፋይሉን ማለቱ ይሁን፣ በድያለሁ ማለቱ ይሁን፣ ከዚህች አንድ ቃል መለየት አይቻልም።

"ያዘዝዎት ሰው አለ?"

"የለም። እኔው ነኝ።"

እኔ ግን ስልኩን አይቻለሁ። ከጀርባው ሌላ ሰው አለ፣ ምናልባትም ባለፈው ዓመት ከእኛ ጋር ተጣልቶ የወጣው ቴክኒሻን። ብድግ አልኩ።

"ስልክህ ይታይ!" አልኩት። 'ጋሼ' ሳልለው ስናገር በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ተዪው፣ ልጄ።"

"ምን ትደብቃለህ? ይታይ!"

"ጥፋተኛው እኔ ነኝ አልኩኮ። በቃ ተዪው፣ በሞቴ!"

ሥራ አስኪያጇ እጇን ዘረጋች። እምቢ ማለት አልቻለም። ስልኩን ከፍታ ጮክ ብላ አነበበች፦

"'ጋሼ፣ የልኬቱን ክፍት ትቼው ወጥቻለሁ። ስትወጣ አጥፋልኝ።' አርብ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። የላከችው… 'ልጄ' ይላል። ይህች 'ልጄ' ማን ናት?"

"የሰፈር ልጅ ናት" አለ አጎቴ ቶሎ ብሎ። ውሸት አያውቅበትም፤ ግንባሩ ላብ በላብ ሆነ።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። እኛ ቢሮ ያን የእኔን ኮምፒውተር "የልኬቱ" ነው የምንለው። አጥፋልኝ ስል እንደ መብራት፣ እንደ ራዲዮ አጥፋው ማለቴ ነበር። እሱ ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ ያገኘው ግን የልኬቱ ማህደር ነው፤ ከሥሩም እንግሊዝኛው እንዳያስቸግረው ብዬ በገዛ እጄ ወደ አማርኛ የመለስኳቸው ቁልፎች ተደርድረዋል፦ ክፈት፣ አስቀምጥ፣ አጥፋ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ ደገምኩት። "ልጄ የሚለው እኔን ነው። ኮምፒውተሩን ማለቴ ነበር።"

ሥራ አስኪያጇ ሪፖርቴን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አፍሬ አጎቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

"ጋሼ፣ ከማጥፋትህ በፊት ለምን አልደወልክልኝም?"

"እናትሽን ይዘሽ ሐኪም ጋ ነሽ፤ ለምን ላስጨንቅሽ?" አለ። "ስጫነው 'አንዴ ከጠፋ አይመለስም፤ እርግጠኛ ነዎት?' ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ፈራሁ። ግን ያዘዝሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺን ደግሞ ምን ብዬ እጠረጥራለሁ?"